አማን የማን ናት?

ሚዛን ተፈሪ ኮረብታው ላይ ጉብ ብላለች፤ አማን ከሥሯ ሜዳው ላይ ተዘርግታለች። በመዝገብ አንድ ከተማ ሆነው «ሚዛን አማን» ከተባሉ ቆይተዋል። በመዝገብ የተጋባ ሁሉ ግን በልቡ ተጋብቷል ማለት አይደለም። የሚዛን ሰው ወደ አማን ሲሄድ «እስቲ ታች ወረድ ብዬ ልምጣ» ይላል። አነጋገሩን የሰማ ስንቅ ሊቋጠርለት ነው ብሎ ያስባል፤ መንገዱ ግን ለባጃጅ የጥቂት ደቂቃ ነው። የአማን ሰውም አያንስም። ላይ ደርሶ ሲመለስ «ኧረ ብርዱ!» እያለ እጁን ያፋትጋል። በመካከላቸው ያለው ከፍታ ጋቢ የሚያስደርብ አይደለም፤ ነገር ግን ጎረቤት ሆኖ ልዩነት የማይፈልግ ማን አለ?

ዳር ሰፈር ሁሉ መሀል ከተማውን የሚያኮርፍበት ነገር አያጣም። አማን ግን የምትኮራበትም አላት። ሆስፒታሉ ያለው እዚህ ነው፤ ዛሬ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆኗል። የአውሮፕላን ማረፊያውም የተሠራው እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። አዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ መንገዱንም ክረምት ውጦት በሚከርምበት ዘመን ዳኮታ አውሮፕላን እዚህ እያረፈ ይነሣ ነበር። እንግዲህ ኮረብታ ላይ የሚኖረው የሚዛን ሰው ለመብረር መጀመሪያ ቁልቁል መውረድ ነበረበት። ይህን የአማን ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ አልረሱትም። ላይኛው ሰው ትንሽ ኮራ ሲልባቸው «አንተ እኮ ያለ እኛ ሰማይ አታውቅም ነበር» ይሉታል።

እኔ የታችኛዋ ሰፈር ተከራይ ነኝ፤ ስለዚህ ዳኝነቴ ወደ ታች ቢያጋድል አይፈረድብኝ።

አማን ውስጥ አዲስ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ የሚቀርብለት ጥያቄ «አገርህ ወዴት ነው?» የሚል ነው። «እዚሁ ነኝ» ብሎ የሚመልስ አይታመንም። «እሱስ ይሁን፤ ግን ከየት ነህ?» ይባላል። እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ተምሮ፣ እዚሁ ልጅ የዳረ ሰው እንኳ «ወሎ፣ ቦረና» ብሎ ይመልሳል፤ ቦረናን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የባለ ሱቁ ልጅ «ቸሃ ነኝ» ይላል። በየዓመቱ ለመስቀል አገር ቤት ሊገባ ያቅዳል፤ በየዓመቱም የቡናው ነገር አላስኬድ ብሎት ክትፎውን እዚሁ ይበላል። ዳውሮው፣ ወላይታው፣ ከፋው፣ ከንባታው፣ ኦሮሞው ሁሉ በኪሱ አንድ ሩቅ ቀዬ ይዞ ይዞራል። መታወቂያ ሲጠየቅ የቀበሌውን ያወጣል፤ አገር ሲጠየቅ የኪሱን ያወጣል።

ከዚህ ሌላ የማይጻፍ ሕግ አለ። በአማን ክብር የሚለካው በመምጫ ዘመን ነው። ቀድሞ የመጣ ሁሉ ኋላ የመጣውን «እንግዳ» ይለዋል። አያቱ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር የገባ ሰው፣ አባቱ በንግድ የመጣውን ባለ ሱቅ በእንግድነት ይመለከተዋል። ባለ ሱቁ በ1977 በሰፈራ የመጣውን ወሎዬ «ትናንት የመጣ» ይለዋል። ወሎዬው የዩኒቨርሲቲውን መምህር ያያል፤ «ልጁ ገና ነው፣ ጭቃውን አልለመደም» ይላል። መምህሩም በተራው፣ ዘንድሮ የተመደቡትን ተማሪዎች ቁልቁል የሚያይበት ማዕረግ አለው፤ ከእነርሱ አንድ ክረምት ቀድሞ ጃንጥላ ገዝቷል።

በዚህ ሁሉ ሰልፍ ውስጥ ተራ ያልደረሰው ሰው አለ። በገበያ ቀን ከኮረብታው ጎደሬ፣ ሙዝ፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ ተሸክመው የሚወርዱ የቤንች እናቶች አሉ። አንዷ ሱቅ በር ላይ ሸክሟን ስታወርድ ባለ ሱቁ «ከየት መጣሽ?» ይላታል፤ አባቱ የወር መንገድ ተጉዞ የመጣ ሰውዬ! እሷም በአገጯ ወደ ኮረብታው ታመለክታለች። ሰውየው ኮረብታውን ቀና ብሎ አይቶ «ውይ፣ ሩቅ ነው» ይላል። ከከተማው ሕዝብ መካከል ከየትም ያልመጣችው እሷ ብቻ ናት፤ ከሩቅ እንደ መጣች የሚታዘንላትም እሷው ናት።

የአካባቢውን ከተሞች ስም በተራ የጠራ ሰው ታሪኩን ግማሽ ያህል ነገረ ማለት ነው። ሚዛን ተፈሪ፣ ሸዋ ቤንች፣ ደብረ ወርቅ፣ ተመንጃ ያዥ። በተለይ የመጨረሻው! ማን ምን ይዞ እንደ መጣ ከዚህ አብራርቶ የሚናገር የከተማ ስም በኢትዮጵያ ካርታ ላይ ፈልጌ አላገኘሁም። የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ሲማረክ የማረከው የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከፋ ላይ አልቆመም። ወደ ጊሚራም ወረደ፤ ቤንቾችን ሌላው ሰው የሚጠራቸው በዚህ ስም ነበር። መልከኛው ገባ፤ ገባሩ ተቆጠረ። በ1904 ዓ.ም. ደግሞ ልጅ ኢያሱ ወደዚህ ሲዘምት በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ እየተነዳ ለባርነት ተወሰደ። ወጌ እዚህ ላይ ትንሽ ዝም ይላል። ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን ሳይባል ከተነዳው ሕዝብ ብዙው አልተመለሰም። ዛሬ «አገሬው ለምን ከተማ አይገባም፣ ለምን ኮረብታው ላይ ሙጭጭ አለ» እያለ የሚገረም ሰው ሲገጥመኝ፣ ሜዳው ላይ ተሰልፎ መገኘት በዚያን ዘመን ምን ያስከትል እንደ ነበር ባስታውሰው ደስ ይለኝ ነበር። አንዳንዴ አስታውሳለሁ። ቡና ግን አያስጠጣኝም።

ከዚያ በኋላ ንግዱና ቡናው ሰው አመጡ። ከሁሉ ይልቅ ግን ሰፈሩን የቀየጠው የ1977 ድርቅ ነው። ደርግ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜኑ የድርቅ ቀጣና እያነሣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ ከወሎ የመጣ ብዙ ገበሬ እዚህ አካባቢ ወረደ። ፈቅዶ የመጣ ነበር፤ ሳይፈቅድ የተጫነም ነበር። አንድ ወሎዬ ሽማግሌ ያንን ጊዜ ሲያወሩ «እዚያ ሳለን አምላክን ዝናብ አምጣ እያልን ስንለምን ኖርን። እዚህ በመጣን ማግስት ደግሞ አቁምልን እያልን መለመን ጀመርን። እሱስ ምን ይበል? እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉትን አያውቁም ሳይል አይቀርም» ይላሉ።

እውነታቸውን ነው። የአማን ዝናብ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ በጋ የሚባለውም ዝናቡ ትንፋሽ የሚወስድበት ወቅት ነው። አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ ሲመጣ ቆዳ ጫማ አድርጎ ይመጣል። በወሩ ሸራ ጫማ ያደርጋል። ዓመት ሲሞላው የጎማ ቦት አድርጎ ሱሪውን ወደ ውስጥ ከቶ፣ ከረባቱን ግን ሳይፈታ ቢሮ ሲገባ ታገኘዋለህ። ከወገብ በላይ አዲስ አበባ ነው፣ ከወገብ በታች ቤንች። ከተማው ሰውን እንደዚህ ከእግሩ ጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚያለምደው።

ከእግር ቀጥሎ አፍ ነው። «የቡና አገር ደረስኩ» ብሎ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የመጀመሪያ ቀን የሚጠብቀው ጀበና፣ ቄጤማና እጣን ነው። ያንንም ያገኛል፤ አከራዬ ወሎዬዋ እትዬ ሦስቱን ዙር ሳያስጨርሱ ማንንም አይለቁም። ኮረብታው ላይ ቤንች ቤት የገባ ግን በቅል የሚቀርብለት ጨሞ ነው። የቡናው ቅጠል ተቀቅሎ፣ በሚጥሚጣ፣ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በደጁ ቅመም የተቀመመ ትኩስ መጠጥ ነው። እንግዳው በአክብሮት አንድ ትልቅ ጉንጭ ይጎነጫል። ዓይኑ እንባ ያቀራል። ባለቤቱም ሰውየው በአቀባበሉ ልቡ ተነክቶ ነው ብሎ ያስብና ይደግምለታል።

መጀመሪያ ሰሞን «በቡና አገር እንዴት ቅጠል ይጠጣል» ስል፣ አንድ አዛውንት የነገሩኝ ከኢኮኖሚክስ መምህር ያልሰማሁት ነው። ፍሬው በዓመት አንዴ ነው፤ እሱም የነጋዴው፣ የግብሩና የትምህርት ቤት ደብተሩ ነው። ቅጠሉ ግን ዓመት እስከ ዓመት አለ፤ ዋጋውን ሬዲዮ አይናገርም፣ አይሱዙ መጥቶ አይጭነውም። ስለዚህ ፍሬውን ለዓለም ሰጥተው ቅጠሉን ለራሳቸው ያዙ። የእትዬን ጀበናና የአዛውንቱን ቅል ካመዛዘንኩ በኋላ ጠዋት ጨሞ፣ ከሰዓት ቡና የሚል የግል ሕገ መንግሥት አውጥቻለሁ፤ እስካሁን ያለ ማሻሻያ ይሠራል።

ከአፍ ቀጥሎ ጆሮ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን ወድቀን የቀረነው። የቤንች ቋንቋ ስድስት የድምፅ ከፍታና ዝቅታ አለው፤ አምስቱ ቀጥ ያሉ፣ አንዱ ወደ ላይ የሚወጣ። በዓለም ላይ ይህን ያህል የድምፅ ደረጃ ያለው ቋንቋ ጥቂት ስለሆነ የሥነ ልሳን ሊቃውንት ከባሕር ማዶ እየመጡ ያጠኑታል። የእኛ ሰው ግን ሠላሳ ዓመት ተጎራብቶ ሰላምታውን እንኳ በአንድ ቅኝት፣ ያውም በተሳሳተው፣ ይዘልቀዋል። ቤንቾች ጨዋዎች ስለሆኑ አይስቁም፤ ቤት ገብተው ነው የሚስቁት። የሰፋሪዎቹ ልጆች ግን ኳስ ሜዳ ላይ ሳያስቡት ለቅመውታል። እናቲቱ በአማርኛ ትጠራለች፣ ልጁ በቤንችኛ ለጓደኛው ይመልሳል፣ በከፊኛ ይሳደባል፤ ስድብ ለመማር ሰው ከፊደል አይጀምርም። ኔትወርክ በጠፋ ቀን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስቀናናል። ቤንቾች ቋንቋቸውን በፉጨት መናገር ይችላሉ፤ ድምፁ ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው ይሻገራል። እኛ ስልካችንን ወደ ሰማይ አንስተን ግቢውን ስንዞር፣ ከበላያችን አንዱ ለሌላው የገበያውን ዋጋ ያፏጭለታል፤ ካርድም አይሞላ።

ለነገሩ ከዚህ አካባቢ የተሰደደም አለ። የጌሻ ቡና እንደ ዲያስፖራ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እንግሊዞች ዘሩን ከዚሁ ደቡብ ምዕራብ ጫካ ለቅመው ወደ ኬንያ ወሰዱት። ከዚያ ታንዛኒያ፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታሪካ፣ ከዚያ ፓናማ። ለብዙ ጊዜ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2004 ፓናማ ውስጥ በተደረገ ውድድር ላይ ግን አንደኛ ወጣና ዋጋው ጣራ ነካ። አሁን ስሙን በእንግሊዝኛ አጣመው የሚጠሩት ሀብታሞች አንድ ስኒ ለመጠጣት የሚከፍሉት ገንዘብ የአማንን ተከራይ የወር ኪራይ ባይደርስም ይገዳደረዋል። ዘመዶቹ እዚሁ ጫካ ውስጥ በዝናብ ቆመዋል። ከዲያስፖራው የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለበዓል ብር አይልክም።

ወደ ሰው ልመለስ። ቤበቃ የሚባለው የቡና እርሻ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ 10,000 ሄክታር ገደማ ይዞታ ያለው፣ በአገሪቱ ካሉት ታላላቆች አንዱ ነው። ቡናው ሲቀላ ለቀማው ሰው ይጠራል፤ ከወላይታ፣ ከከንባታ፣ ከሀዲያ፣ ከከፋ ወጣቱ በአውቶብስ ይጎርፋል። ለሦስት ወር የመጣ ነው፤ ፍራሹን እንኳ ጠቅልሎ ነው የሚይዘው። ከሦስቱ ወር በኋላ አንዳንዱ አማን ላይ «አንድ ሳምንት ልሰንብት» ይላል። ዛሬ በሰፈራችን ባጃጅ ከሚነዱት፣ ግንብ ከሚገነቡት፣ ፀጉር ከሚያስተካክሉት ያቺን አንድ ሳምንት ገና ያልጨረሱት ብዙ ናቸው። አንዱ ሚስት አግብቶ ሁለት ልጅ ወልዶም፣ ቤቱ ጥግ ያቺ የተጠቀለለች ፍራሽ በገመድ እንደ ታሰረች ቆማለች። ሚስቱ ልትፈታት ስትል «ተይ፣ እሄዳለሁ እኮ» ይላል።

ይህ «እሄዳለሁ» የሚሉት ነገር ሁልጊዜ ቀልድ ቢሆን ጥሩ ነበር። «ከየት ነህ?» የሚለው ጥያቄም እንደዚሁ። በ1994 ዓ.ም. በመጋቢት ቴፒ ላይ ማን የማን አስተዳደር ሥር ይሁን በሚል የተነሣው ጠብ የብዙ ሸኮና መዠንግር ሰዎችን ሕይወት ወስዷል። ጉራ ፈርዳም ላይ ከሰሜን የመጡ ገበሬዎች «ወደ መጣችሁበት» የተባሉበት ጊዜ አለ። ያን ሰሞን አማን ውስጥ ሰላምታው አጠረ፤ ጥያቄው በተለመደው ድምፅ እንኳ ሲጠየቅ ሰው ከመመለሱ በፊት ግራና ቀኝ ያይ ነበር። አከራዬ እትዬ ብቻ ቡናቸውን አላቋረጡም። ማን መጣ ማን ቀረ ሳይሉ ስኒ ደረደሩ፤ ያልመጣውን ሰው ስኒ ሞልተው አስቀመጡ፤ ቀዝቅዞ ሲደፋም ስሙን እየጠሩ ደፉት። በማግሥቱ ስሙ የተጠራው ሁሉ መጣ። ፍቅር ነው ወይስ ስሙ በዚያ ሁኔታ ዳግመኛ እንዳይጠራ ፈርቶ፣ እስካሁን አልጠየቅሁም።

መንግሥትም የዚህን አካባቢ ሰው ጠባይ ሳያጠና አልቀረም። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ሲመሠረት «ዋና ከተማው የት ይሁን?» የሚለው ጥያቄ ሌላ «ከየት ነህ?» እንዳይሆን፣ መቀመጫው ለቦንጋ፣ ለታርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ ተከፋፈለ። የሥራ ቋንቋውም አማርኛ ሆነ። ጉዳይ ያለው ሰው እንግዲህ አገር ያያል። እኛ አማኖች ግን አንድ ቅሬታ አለን፤ ከአራቱ ከተሞች አንዷ ራሷ ሁለት ሆና ሳለ፣ የእኛ ድርሻ ላይ ቀረ ወይስ ታች ወረደ የሚለው አልተብራራም። ላይኞቹ ጥያቄውን እንደ ቀልድ ያልፉታል። እኛ ግን በቃለ ጉባኤ ይያዝልን ብለናል።

ቃለ ጉባኤ ካነሣሁ፣ የሰፈሩን እውነተኛ ሸንጎ ሳላነሣ አልለፍ፤ እድራችንን። ኦርቶዶክሱ፣ ቃለ ሕይወቱ፣ መካነ ኢየሱሱ፣ ሙስሊሙ ቢለያይም ድንኳኑ አንድ ነው፤ ወንበሩም አንድ ነው፤ ትልልቆቹ ድስቶች ላይ ያለው የቀለም ምልክትም አንድ ነው። እድር ውስጥ «ከየት መጣህ?» የሚል የለም፤ ገንዘብ ያዡ የሚጠይቀው «የሰኔውን ከፍለሃል ወይ?» ብቻ ነው። ችግሩ የሚነሣው የለቀስተኛው ምግብ ላይ ነው።

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳው ይኸው ነበር። ወሎዬዎቹ «ለቀስተኛ ያለ እንጀራ አይሸኝም» አሉ። ጉራጌዎቹ ቆጮ እንደማይሻግት፣ ሰው ሌሊትም ቢሞት ቀንም ቢሞት ዝግጁ እንደሆነ በማስረጃ አቀረቡ። ከወደ ኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንድ የቤንች አባት ተነሥተው፣ ጎደሬ ከደጅ ተነቅሎ በአንድ ሰዓት እንደሚበስል፣ ገበያም እንደማያስወጣ ተናግረው ተቀመጡ። አዳራሹ ለአፍታ ጸጥ አለ። ሒሳቡን የሚያውቁት ገንዘብ ያዥ አንገታቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ፤ በዋጋ ከሆነ አዛውንቱ አሸንፈዋል። ነገር ግን በዋጋ የተፈታ ክርክር በእድራችን ታሪክ የለም። ሊቀ መንበሩ ሁሉን የሚያስታርቅ መስሏቸው «እንግዲያው ንፍሮ ይሁን፤ ንፍሮን የሚጠላ ኢትዮጵያዊ የለም» አሉ። ጭብጨባ ሆነ። ጸሐፊው «ንፍሮ» ብሎ ጻፈ።

ያኔ ከፊት ወንበር አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «የስንዴና የሽምብራ ነው፣ አይደል?» አሉ።

«እንዴት?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ፤ «የበቆሎና የቦሎቄ ነው እንጂ!»

ጭብጨባው ወደ ጉርምርምታ ተለወጠ። አንዱ አተር ይጨመር አለ፤ ሌላው አተር ጨምሮ ያለቀሰ ዘመድ እንደሌለው ተናገረ። ሊቀ መንበሩ ሰዓታቸውን አዩ፤ ዝናቡም ቆርቆሮውን መደብደብ ስለ ጀመረ ማን ምን እንደሚል መሰማቱ ቀረ። ስብሰባው ለሚቀጥለው እሑድ ተላለፈ። ጸሐፊው ውሳኔውን ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ በመጨረሻ ማንም ሳያዝዘው ከራሱ አንድ መስመር ጨመረ፤ አባላት እስከዚያው ድረስ በተቻለ መጠን እንዳይሞቱ።